ያልተቋጨ ነጠላ

(ባሕር ዳር ላይ፣ ልብስ ስፌት ለጀመሩ ወጣቶችና በቤታቸው መርፌ ለሚይዙ ሰዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ነጠላ የለበሳችሁ ሁሉ ጫፉን ያዙልኝ። ጥለቱን አይደለም። ከጥለቱ ቀጥሎ የተንጠለጠለውን ዘርፉን። አሁን በጣታችሁ ዳብሱት። ተገምዶ ጫፉ ላይ ተቋጥሯል? ወይስ ድሩ፣ በቁመት የተዘረጋው ክር፣ ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል?

ፊት ለፊቴ የተቀመጡት እናት ፈገግ አሉ። የእሳቸው ተቋጭቷል፣ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። ከኋላ ካላችሁት ልጆች ግን አንዳንዶቻችሁ ጫፉን አያችሁና መልሳችሁ ትከሻችሁ ላይ ጣላችሁት። ገና ከገበያ የመጣ ይሆናል። አይዟችሁ፣ ዛሬ አብረን እንሠራዋለን። ጫፉን ያስያዝኋችሁ በምክንያት ነው። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ስለዚህች ጫፍ ነው።

"ቋጨ" የሚለውን ቃል ሁላችንም በየቀኑ እንጠቀምበታለን። ጉዳዩ ተቋጨ እንላለን። ክርክሩ መቋጫ አጣ እንላለን። ይህ ቃል ነጠላ ጫፍ ላይም አለ። ሸማኔው ሸማውን ቆርጦ ሲያወርደው ሥራው ገና አላለቀም። ጫፉ ላይ የተረፈውን ድር ገምዶ የሚቋጥር እጅ ይፈልጋል። ያን ሥራ መቋጨት እንለዋለን። ካልተቋጨ ነጠላው ነጠላ አይባልም ማለቴ አይደለም። ትለብሱታላችሁ፣ ያምራልም። ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ግን ማጉ፣ ድሩን በአግድም የሚያቋርጠው ክር፣ ከዳር እየሾለከ ይተረተራል። ከዚያ ጥለቱ ይላላል። ጥለቱ ከላላ ደግሞ የሸማኔው ድካም ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

እኔ ከሃያ ዓመት በላይ መርፌ ይዤ ኖሬያለሁ። የስፌት መኪና ላይም ተቀምጫለሁ፤ ዋናው ሥራዬ ግን ማጠናቀቅ ነው። ሌላው ቆርጦ በመኪና የሰፋውን ልብስ ያመጡልኛል። ቁልፉን፣ ቅምቅማቱን፣ መንጠቆውን፣ ዘርፉን እኔ በእጅ እሠራለሁ። ለጥገናም ይመጣልኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ካየሁት አንዱን ልንገራችሁ። ልብስ መሃሉ ላይ መፈታት የሚጀምረው ከስንት አንዴ ነው። የሚጀምረው ክር ካለቀበት ቦታ ነው። ቁልፉ የወደቀው የመጨረሻው ቋጠሮ ስለላላ ነው። የቀሚሱ ግርጌ የወረደው ሰፊዋ ጨረስሁ ብላ ክሩን ሳታስር ስለቆረጠችው ነው።

የመርፌ አደጋም እንደዚያው ነው። ጣቴን የወጋሁባቸውን ጊዜያት ሳስታውስ አብዛኞቹ "ይቺን ብቻ ጨርሼ ልነሣ" ያልሁባቸው ሰዓቶች ናቸው። ዛሬ ስለ ጫፍና ስለ አደጋ በአንድነት የምነግራችሁም ለዚህ ነው። ሁለቱም የሚበላሹት መጨረሻ ላይ በሚመጣ ጥድፊያ ነው።

ይህ ከተማ ለክር እንግዳ አይደለም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ተቋቁሟል። ብዙ የባሕር ዳር ልጅ ያደገው ከዚያ በተገኘ ደመወዝ ነው። በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው ፖሊቴክኒክ ጨርቃ ጨርቅ ያስተምር ነበር። ዛሬም ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ቴክኖሎጂ ተቋም አለ። ስለዚህ ስለ መኪና ከእኔ የተሻለ የሚነግራችሁ ሰው እዚሁ ከተማ ውስጥ ሞልቷል። እኔ ስለ እጅ ልንገራችሁ።

ከነጠላው እንጀምር።

እናቴ ስታስተምረኝ ነጠላውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ነበር። አጠገቧ በሲኒ ትንሽ ውሃ። "ልጄ፣ መጀመሪያ ቁጠሪ" ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ መቁጠሩ ያሰለቸኝና በግምት እይዛለሁ። ሳልጨርስ አንዱ ዘርፍ ወፍሮ አንዱ ቀጥኖ ይታያል። ምንም ሳትናገር ፈትታ ከመጀመሪያው ታስጀምረኛለች። አሁን ሳስበው ትክክል ነበረች። የዘርፍ ውበት ሁሉ እኩልነቱ ላይ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስምንት ክር ቁጠሩ። ነጠላው ወፍራም ከሆነ ስድስት ይበቃል። አራቱን ለብቻ፣ አራቱን ለብቻ ያዙ። ጣታችሁን በጣም ትንሽ አርጥቡ። ሁለቱንም ወደ ቀኝ አክርሩ። በደንብ ሲከርር ክሩ ራሱ መጠምዘዝ ይጀምራል፣ ያኔ በቃው። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጋችሁ ወደ ግራ ግመዱ። ጫፉ ላይ ቋጥሩ።

ለምን ወደ ቀኝ አክርረን ወደ ግራ እንገምዳለን? ይህን ጥያቄ ልጅ ሆኜ እናቴን ጠይቄያት "እንዲህ ነው የሚሠራው" ብላኝ ነበር። መልሱን እጄ ነው በኋላ ያስተማረኝ። የከረረ ክር ሁሌም መፈታት ይፈልጋል። ወደ ቀኝ የከረሩ ሁለት ክሮች ወደ ግራ ሲገመዱ፣ አንዱ ልፈታ ሲል ሌላኛውን ያጠብቀዋል። ይያያዛሉ። ማክረሩም መግመዱም ወደ አንድ አቅጣጫ ከሆነ ግን እጃችሁን ስትለቁ ሁሉም ይፈታል። ቃሎቻችን ራሳቸው ይህን ያውቃሉ፤ ክር ከመክረር፣ ገመድ ከመግመድ። ሐይቁ ዳር ደንገል ጠፍረው ታንኳ የሚያስሩ ሰዎች ገመድ ሲገምዱ ቆም ብላችሁ እዩ። የእጃቸው ሥራ ያው ነው።

እዚህ ላይ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት የመጀመሪያዋ ጥምዝ ላይ ነው። ከመጨረሻው ማግ ጋር ካልተጠጋች መሃሉ ላይ ክፍተት ይቀራል። በዚያ ክፍተት ማጉ ይሾልካል፤ ዘርፉ አምሮ ነጠላው ይተረተራል። ስለዚህ ስታከርሩ በሌላኛው እጃችሁ አውራ ጣት ከማጉ ሥር ያዝ አድርጉ። ቋጠሮውንም ስትቆርጡ ጥፍር ያህል ጅራት ተዉለት። ከቋጠሮው ሥር አስጠግቶ የተቆረጠ ክር በመጀመሪያው እጥበት ይፈታል። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፤ ሳይቋጭ አትጠቡት። ውሃ ውስጥ ድሩ እርስ በርሱ ከተተበተበ መለየቱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

አሁን ወደ ቀሚስ ግርጌ፣ ወደ ቅምቅማት።

በመኪና የተቀመቀመ የሐበሻ ቀሚስ ከፊት በኩል መስመሩ ይታያል። ለሥራ ልብስ ችግር የለውም፣ እንዲያውም ይጠነክራል። ለነጭ ቀሚስ ግን በእጅ የተሠራ ስውር ስፌት ሌላ ነገር ነው። ቀሚሱ በሰያፍ የተቆረጠ ከሆነ ከመቀምቀማችሁ በፊት አንድ ሌሊት ሰቅላችሁ አሳድሩት። ጨርቁ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ሳያድር ከተቀመቀመ ግርጌው አንዱ ጋ ረዝሞ አንዱ ጋ ያጥራል፣ ጥፋቱም የእናንተ ይመስላል።

ሁለት ጊዜ እጠፉት፣ በካውያ አስተኙት። መርፌዋ ከእጥፉ ውስጥ ወጥታ ከፊተኛው ጨርቅ አንድ ክር፣ ቢበዛ ሁለት ክር ብቻ ትንካ። ተመልሳ ወደ እጥፉ ትግባ። ክሩ ይተኛ እንጂ አይወጠር። የተወጠረ ክር ከፊት በኩል ጉድጓድ ጉድጓድ እየሠራ ይታያል።

አሁን የምነግራችሁ ግን ከሁሉም በላይ የምወደውን ነው። በየስንዝሩ አንዴ መርፌዋን ወደ ኋላ መልሳችሁ እዚያው ቦታ ድገሙ። ይኼው ነው። ሌላው ሰው አያየውም። የቀሚሱ ባለቤት ደረጃ ስትወርድ የጫማዋ ተረከዝ ግርጌውን ቢይዘው የሚፈታው አንድ ስንዝር ብቻ ነው። ይህን ያልተደረገለት ቀሚስ ግን አንዷ ክር ስትበጠስ ዙሪያውን ይወርዳል። ሠርግ ላይ ግርጌዋን በመርፌ ቁልፍ ይዛ የዋለች ሙሽራ አይቻለሁ። እንደዚያ ቀን የእጅ ስፌት አሳዝኖኝ አያውቅም።

ክር ስትጨርሱም እዚያው ቦታ ሁለቴ በትንሹ ጠቀም ጠቀም አድርጉ። መርፌዋን ክሩ በሠራው ቀለበት አሳልፉ። ከዚያ ጅራቱን እጥፉ ውስጥ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል አስገብታችሁ ቁረጡት። እንዲህ ከሆነ ቋጠሮ በሚያሳፍር ቦታ ላይ አይታይም።

የክር ርዝመት። ከክርናችሁ እስከ ጣታችሁ ጫፍ፣ አንድ ክንድ። ቢረዝም ይቆጥባል ብላችሁ አትሞኙ። ረጅም ክር ይተበተባል፤ ጨርቁ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለሚመላለስም ይላላል፣ ይበጣጠሳል። ለቁልፍና ለመንጠቆ ክሩን በማር ሰም ላይ ሁለቴ ጎተት አድርጉት። ጧፍ የሚሠሩ እናቶች የሚጠቀሙበት ሰም ማለቴ ነው። ጎጃም ውስጥ ሆኖ የማር ሰም ማጣት አይቻልም። ሰም የነካው ክር አይተበተብም፣ ቶሎም አይበላም። በስሱ ነጠላ ላይ ግን አትጠቀሙበት፣ ይታያል።

ስለ ቁልፍ ብዙ አልልም፣ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ። በቁልፉና በክሩ መካከል የክብሪት እንጨት አስገቡ። ሰፍታችሁ ስትጨርሱ እንጨቱን አውጡና ቁልፉን ወደ ላይ ሳብ አድርጉት። ከሥር የቀረውን ክር አራት አምስት ጊዜ ጠምጥሙት። ይህ ለቁልፉ አንገት ይሆነዋል። አንገት የሌለው ቁልፍ ሲቆለፍ ጨርቁን ይጨመድዳል፣ ውሎ አድሮም ጨርቁን ይዞ ይቀደዳል።

መርፌ ስትገዙ ቁጥሩን እዩ። የእጅ መርፌ ቁጥሩ ሲጨምር ይቀጥናል፤ የመኪና መርፌ ግን ተቃራኒው ነው፣ ሲጨምር ይወፍራል። ከመኪና ወደ እጅ የሚመጡ ልጆች እዚህ ላይ ይደናገራሉ። ለነጠላና ለስስ ቀሚስ 9 ወይም 10 ቁጥር ይሻላል። ለጋቢ 5 እና ከዚያ በታች። ክር አልገባ ሲላችሁ ደግሞ መርፌዋን አዙሯት። ዓይኗ በአንድ ወገን ለስለስ ያለ ሊሆን ይችላል። ክሩን በሰያፍ ቁረጡት፣ ከመርፌዋ ጀርባ ነጭ ወረቀት ያዙ። ዓይናችሁ ደክሟል ማለት እጃችሁ ደክሟል ማለት አይደለም። ከአርባ በኋላ የቅርብ ነገር መደብዘዙ የተፈጥሮ ነው፣ መነጽር አታፍሩበት።

እሺ። አሁን ወደ አደጋው ልምጣ፣ ብዙዎቻችሁ ለዚህ እንደመጣችሁ ነግረውኛል።

"ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" ይባላል አይደል? ይህን ተረት ለባሹ ሲናገረው ደስታ ነው። ሰፊዋ ግን ጥር 11 ከመድረሱ በፊት ያሉትን ሌሊቶች ታስታውሳለች። አንድ ዓመት የከተራ ዋዜማ ነበር። ነጭ ቀሚስ እየቀመቀምሁ ነው። ቀርቶኝ የነበረው አንድ ክንድ የማይሞላ ነው። መብራት ሄደ መጣ። መርፌዋ የግራ ጣቴን ወጋችኝ፣ ሳላስተውል በዚያው ጣት ጨርቁን ይዤ ቀጠልሁ። ቀና ብዬ ሳየው የምስር ፍሬ የምታህል ደም ነጩ ላይ ተቀምጣለች።

ደንግጬ የሠራሁትን ልንገራችሁ፣ እናንተ እንዳትደግሙት። ምድጃ ላይ የነበረውን ሙቅ ውሃ አፈሰስሁበት። ደሙ ወደ ቡና ቀለም ተለወጠና እዚያው ቀረ። ደም እንደ እንቁላል ነው፤ ሲሞቅ ይረጋል፣ ከክሩ ጋር ይጣበቃል። ሌሊቱን ሙሉ ያን ቦታ ፈትቼ፣ እጥፉን አሳንሼ፣ እድፉን ወደ ውስጥ ደብቄ ነው ያስረከብሁት። ለቀሚሱ ባለቤትም ነገርኋት። ደብቄ ብሰጣት እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ከሁሉ በፊት እጄን ከጨርቁ አርቃለሁ። ጣቴን በንጹሕ ጨርቅ እጠቀልላለሁ። ከዚያ ወደ እድፉ። ጠብታዋ ትንሽ ከሆነች ብዙ ሰፊዎች የራሳቸውን ምራቅ በነጭ ክር ነክረው ይጠቀጥቋታል፣ ትኩስ ከሆነች ትለቃለች። ካለቀቀች ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከጨርቁ ጀርባ በኩል። ማሸት የለም፣ መጠቅጠቅ ብቻ። ከዚያ ጥቂት ጨው፣ ቀጥሎ ሳሙና። ፋርማሲ የሚሸጠው ባለ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም ነጭ ጥጥ ላይ ይሠራል። ጥለቱ ጋ እንዳይደርስ ግን ተጠንቀቁ፣ ቀለሙን ሊያነጣው ይችላል። እድፉ ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ ካውያም ፀሐይም አታስነኩት።

ለጣታችሁስ? መጀመሪያ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ እጠቡት። በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ያዙት። ጣታችሁን አፋችሁ ውስጥ አታስገቡ። ሁላችንም እናደርገዋለን፣ ግን ቁስሉን ለአፍ ጀርም መስጠት ነው። መርፌዋ ዝጋ ከነበረ፣ አፈር ላይ ወድቃ ከነበረ፣ ወይም በጥልቀት ከገባች የመንጋጋ ቆልፍ ክትባታችሁን አስቡ። ለንጹሕ ቁስል ከመጨረሻው ክትባት 10 ዓመት ካለፈ፣ ለቆሸሸ ወይም ለጠለቀ ቁስል ደግሞ 5 ዓመት ካለፈ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ጠይቁ። ጣቱ እየቀላ፣ እያበጠ ከሄደ ወይም ትኩሳት ከመጣ ነገ አትበሉ።

ስለ ዝገት ካነሣሁ፣ ሐይቅ ዳር ስለምንኖር ክረምት ላይ አየሩ እርጥብ ነው። መርፌ ጥጥ ላይ ተሰክታ ከከረመች ትዝጋለች። ጥጥ እርጥበት ይይዛል። እኔ መርፌዎቼን የማኖረው የባና ቁራጭ ላይ ነው። የበግ ጸጉር የራሱ ቅባት አለው። የዛገች መርፌ ነጭ ጨርቅ ላይ የምትተወው ነጥብ ከደም የባሰ ነው፣ በሳሙና አይለቅም።

አሁን ደግሞ እስከዛሬ ከደረሰብኝ ሁሉ የከፋውን።

ጋቢ እየሰፋሁ ነበር። አራት እጥፍ የሆነበት ቦታ ላይ ደረስሁ። እጄ ላይ የነበረችው ቀጭን መርፌ ናት። ወፍራሟን ለማምጣት መነሣት ነበረብኝ። አልተነሣሁም። በጥፍሬ ገፋኋት። ቀጭ አለች። ግማሿ እጄ ላይ ቀረ፣ ጣቴን ደግሞ ወጋኝ። ጫፏ መሬት ወድቋል ብዬ ቤቱን ጠርጌ ረሳሁት። ከሦስት ቀን በኋላ ጣቴ አበጠ። ራጅ ሲነሣ የመርፌዋ ጫፍ እዚያው ሥጋው ውስጥ ተኝታለች። ቀደው አወጡልኝ። ለሳምንታት ያን ጣት አጥፌ መርፌ መያዝ አልቻልሁም፣ ለእኔ ደግሞ ያ ማለት እንጀራ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መርፌ ከተሰበረች ሥራ አቆማለሁ። ሁለቱን ስባሪ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጬ እገጥማቸዋለሁ። አጠገባቸው ያልተሰበረች እኩያዋን አስቀምጣለሁ። ካጠረ የጎደለ አለ ማለት ነው። የጎደለው ወይ መሬት ላይ፣ ወይ ጨርቁ ውስጥ፣ ወይ እጄ ውስጥ ነው። ጨርቁ ውስጥ የቀረ ስባሪ የሚወጋው ለባሹን ነው፣ ምናልባትም ሕፃን ልጅ የሚታቀፍበትን ጋቢ። ሥጋ ውስጥ ከገባ ደግሞ በሌላ መርፌ ለመቆፈር አትሞክሩ። አትጭመቁት። ወዲያው ወደ ሐኪም ሂዱ፣ ቀሪውንም ስባሪ ይዛችሁ ሂዱ። ወፍራም ጨርቅ ስትሰፉም ጥፍራችሁን ተዉት፤ ጣት ላይ የሚጠለቀውን ትንሽ የብረት ቆብ ልመዱ። መጀመሪያ ያስጠላል። በሳምንቱ ያለሱ መስፋት አትችሉም።

ስለ መጥፋት። አምስት መርፌ ካወጣችሁ አምስት መልሱ። መርፌ ስታስቀምጡ ክር የሌላት አትሁን። ቀይ ክር፣ ስንዝር ያህል ይንጠልጠልባት። ወድቃ ብትጠፋ ዓይን የሚይዘው ክሩን ነው። ክር ሳይኖራት ከጠፋች የስልካችሁን መብራት መሬት ላይ አስተኝታችሁ አብሩ። ከላይ ሲበራ የማትታየው መርፌ ከጎን ሲበራ ታበራለች። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ካገኛችሁ በፌስታል ጠቅልላችሁ መሬቱን ዳብሱበት። ፌስታሉን ስትገልጡ የተለቀመው ሁሉ ይወርዳል። መርፌዋ ሳትገኝ ግን ልጅ ወደዚያ ክፍል አይግባ።

መርፌ አፋችሁ ውስጥ አትያዙ። እስፒልም ቢሆን። አውቃለሁ፣ ሁለት እጃችሁ ጨርቅ ይዟል፣ ከንፈር ቅርብ ነው። ግን አንድ ሰው ከበር ሆኖ "እትዬ!" ብሎ ሲጠራችሁ "አቤት" ማለታችሁ አይቀርም። እኛ ያለ አቤት አላደግንም። ከተዋጠች ደግሞ ዳቦ በልቼ ላውርዳት፣ አስመልሼ ላውጣት የሚባል ነገር የለም። ምንም ሳትቀምሱ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

አብራችሁ የምትሠሩ ካላችሁ እያንዳንዳችሁ የራሳችሁ መርፌ ይኑራችሁ። የልብስ ስፌት መርፌ እንደ ሐኪም መርፌ ውስጡ ክፍት ስላልሆነ ብዙ ደም አይዝም። ቢሆንም አንዷን የወጋ መርፌ ሌላዋ እጅ ላይ ምን ያደርጋል? ዋጋው እኮ ትንሽ ነው። የተሰበረና የዶለዶመ መርፌ ደግሞ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ሰብስቡ። ከጥራጊ ጋር አትጣሉት። ቆሻሻችንን በየቤቱ እየዞሩ የሚሰበስቡት ልጆች ከረጢቱን የሚያቅፉት በእጃቸው ነው።

ከኋላ አንድ ወንድሜ እጁን አውጥቶ ነበር፣ ልመልስለት። "ኦቨርሎክ ካለ ጠርዙን በእጅ መዘምዘም ለምን ያስፈልጋል?" ነው ጥያቄው። ኦቨርሎክ ጠርዝ እየቆረጠ የሚዘመዝም መኪና ነው። ካለህ ተጠቀምበት፣ ወንድሜ። ለሱሪ፣ ለዩኒፎርም፣ ለመጋረጃ ከእጅ ይሻላል። እኔም እልክለታለሁ። ሳባ፣ የሚያብረቀርቀው ክር፣ የገባበት ስስ ጥበብ ላይ ግን መኪናው ጠርዙን ሲቆርጥ ጥለቱን አብሮ ሊወስድ ይችላል። ከተቆረጠ አይመለስም። በእጅ የተዘመዘመ ግን ቢበላሽም ይፈታል፣ እንደገና ይሠራል። ሁለቱን የምመርጠው በዚህ ነው፤ ቢሳሳት የሚመለስ ነው ወይስ የማይመለስ?

አንዲት እህት ደግሞ ቅድም በጆሮዬ ጠይቃኛለች። ጣቷን ከተወጋች ጀምሮ መርፌ ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጣል። እህቴ፣ እኔም ከዚያ ጋቢ በኋላ እንደዚያ ነበርሁ። ወደ ጋቢ አልተመለስሁም ወዲያው። እራፊ ጨርቅ ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ በራፍ ላይ ተቀምጬ ቁልፍ መስፋት ጀመርሁ። ሰፍቼ እፈታለሁ፣ ፈትቼ እሰፋለሁ። እጄ ቀስ እያለ ተመለሰ። አንቺም ዛሬ ከእኔ አጠገብ ተቀመጪ።

ቡናው እየተቆላ ነው፣ ሽታው እዚህ ደርሷል። እስኪፈላ ድረስ ጊዜ አለን። ያልተቋጨ ነጠላ ያላችሁ ወደፊት ኑ፣ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አስጠጉት። የተቋጨላችሁ እናቶች በየመሃሉ ግቡልኝ። ውሃው በሲኒ ተቀድቷል። ነጠላችሁን ጉልበታችሁ ላይ ዘርጉ፣ ከቀኝ ዳር ጀምሩ። ስምንት ክር ቁጠሩ።